ሐዘን የኢማን ጉድለት ነውን?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር ላወጋችሁ የፈለግሁት በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን በየቤታችን ስለማይነገር ሕመም ነው። ሆዳችንን ሲያመን «አመመኝ» እንላለን፤ ጎረቤት ይሰማል፤ ፌጦ ይበጠበጣል፤ ካልተሻለን ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ልባችን ሲታመም ግን በር እንዘጋለን። ሰው ሲጠይቀን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብለን እናልፋለን፤ ሌሊቱን የጣሪያ ቆርቆሮ ስንቆጥር እናነጋለን። ለምን? ብዙዎቻችን ጭንቀትንና ድብርትን የኢማን መድከም ምልክት አድርገን ስለምናስብ፣ መታመማችንን መናገር ሃይማኖታችንን ማማት መስሎ ስለሚታየን ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነውና ከእሱ ልጀምር።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ልጆች ቁርኣን አቀራለሁ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ በጋይንት በኩል ገፍቶ ነፋስ መውጫ ተይዛ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያን ሰሞን የአንዱ ተማሪዬ አባት እናቱ ጋይንት ውስጥ ነበሩ። መንገዱ ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። መንገዱ ተከፍቶ ወሬ ሲመጣ፣ እናቱ በቆየባቸው ሕመም ሞተው ጎረቤት እንደ ቀበራቸው ተነገረው። ጀናዛቸው ላይ አልቆመም፤ አፈር አላለበሳቸውም።

ሰውየው ሸማኔ ነው። ከለቅሶው በኋላ መጠቅለያው ላይ የተጀመረው ጋቢ እንደ ተጀመረ ቀረ። የሱብሕ ጀማዓ ተወ። እህል ሲቀርብለት ጎርሶ ይመልሳል። ልጁ «አባቴ ሌሊት አይተኛም፤ ቀን ደግሞ ከመደብ አይነሣም» አለኝ። እኔም ዓስር ሰግጄ ሄድኩና ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እንዲህ አልኩት፦ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ የኢማን መድከም ነው። ሞት የአላህ ቀደር ነው። ሶብር አድርግ፤ ሸይጧንን አታስደስተው።» አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። «እሺ ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ። ከዚያን ቀን ወዲያ እኔን መንገድ ላይ ሲያየኝ በሌላ ቅያስ ይሄድ ጀመር።

ውድ አንባቢያን! የተናገርኩት ቃል ለየብቻው ቢታይ ሐሰት የለበትም። ሞት ቀደር ነው፤ ሶብርም ግዴታ ነው። ነገር ግን በታመመ ሰው ላይ ሁለተኛ ሕመም ጫንኩበት። መጀመሪያ ያዘነው በእናቱ ነበር፤ እኔ ከሄድኩ በኋላ በራሱም ማዘን ጀመረ። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በተረዳሁም ጊዜ ኪታቦቼን መልሼ ገለጥኩ፤ የአገሬን ታሪክም በሌላ ዓይን አየሁት። ያገኘሁትን እነሆ።

ነቢያትም አዝነዋል

ቁርኣን ስለ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) የሚነግረንን እናስታውስ። ልጃቸው ዩሱፍ ከጠፋ በኋላ ዓይኖቻቸው ከሐዘን ብዛት ነጡ። እኒህ ነቢይ ናቸው! ኢማናቸው ጎድሎ ነውን? የአላህ ኪታብ ያቀረባቸው የመልካም ትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ነው። ስለዚህ መልካም ትዕግሥትና የሐዘን እንባ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው። ያዕቁብ ሐዘናቸውን ወደ ጌታቸው አሰሙ፤ ከዚያም አልፈው ልጆቻቸውን ተስፋ እንዳይቆርጡ አዝዘው ወንድማቸውን ፍለጋ ላኩ።

የሙሳን (ዐ.ሰ.) እናት አስቡ። ሕፃኗን ወንዝ ላይ ከጣለች በኋላ ልቧ ባዶ ሆኖ ነጋ፤ ምስጢሯን ልታወጣው ምንም አልቀራትም ነበር። አላህ ልቧን አጸናላት። እሷም ቁጭ ብላ አልቀረችም፤ የሙሳን እኅት «ተከተይው፣ እዪው» ብላ ላከቻት። መርየምን (ዐ.ሰ.) ደግሞ አስቡ። ምጥ ይዟት ብቻዋን ከተምር ግንድ ሥር ሳለች ሞትን ተመኘች። በዚያች ሰዓት የመጣላት ተግሣጽ አልነበረም። እንዳታዝን ተነገራት፤ ከበታቿ ውሃ ፈሰሰ፤ ግንዱን እንድትወዘውዝ፣ እንድትበላና እንድትጠጣ ታዘዘች። ልብ በሉ! ምጥ የያዛት ሴት የተምር ግንድ ነቅንቃ ምን ታመጣለች? ፍሬውን የሚያወርደው አላህ ነው። ሆኖም ትንሽ እንድትንቀሳቀስ አዘዛት።

ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በነቢይነታቸው በ10ኛው ዓመት፣ በ619 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ባለቤታቸውን ኸዲጃንና አጎታቸውን አቡ ጣሊብን በአንድ ዓመት አጡ። የታሪክ ሊቃውንት ያን ዓመት «ዓሙል ሑዝን»፣ የሐዘን ዓመት ብለው ሰየሙት። በመዲና ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም አለቀሱ፤ ማልቀሳቸውን አይቶ ለተደነቀው ሶሐባ እንባው እዝነት መሆኑን ገለጹለት። ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ እንደ ነበርም ቡኻሪ ዘግበዋል። በዚያ ዱዓ ውስጥ «ሀም» እና «ሐዘን» ሁለት ቃል ሆነው መጥተዋል። ሊቃውንቱ ሲያብራሩ «ሀም» ገና ላልመጣው ነገር መጨነቅ፣ «ሐዘን» ደግሞ ላለፈው ማዘን ነው ይላሉ። ዛሬ ሐኪሞች ጭንቀትና ድብርት ብለው ሁለት የሚያደርጉት ነገር በዚያ ዱዓ ውስጥ ጎን ለጎን ቆሟል። ነቢዩ ራሳቸው ጥበቃ የሚለምኑበትን ነገር እኛ እንደ ነውር ልንደብቀው እንዴት ተገባን?

በሐበሻ ምድር የተጨነቁት ሶሐቦች

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በነቢይነት 5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ.፣ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ መሰደዳቸውን ትንሽ ልጅ ሳይቀር ያውቃል። ብዙ ጊዜ የምናወጋው የነጃሺን ፍትሕና ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በችሎቱ ፊት ያደረገውን ንግግር ነው። ከዚያ በኋላ ስላሳለፉት የጭንቀት ቀን ግን ብዙም አናነሣም።

ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) የተናገሩት በኢብን ኢስሐቅ ሲራ ውስጥ ተመዝግቧል። ስደተኞቹ በሰላም ተቀምጠው ሳለ ሥልጣኑን ሊነጥቅ የፈለገ ሰው በነጃሺ ላይ ተነሣ። ኡሙ ሰለማ ከዚያ የከፋ ሐዘን ደርሶብን አያውቅም ይላሉ። የሚመጣው ንጉሥ ነጃሺ ያወቀላቸውን መብት የማያውቅ ቢሆንስ? አገር የላቸውም፤ ዘመድ የላቸውም፤ ወደ መካ መመለሻ የላቸውም። ጦርነቱም ከዓባይ ማዶ ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? ተሰባሰቡ። «ማን ሄዶ የሆነውን አይቶ ይምጣልን?» ተባባሉ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» አለ። የውሃ አቁማዳ ነፉለት፤ ደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ። የቀሩት ለነጃሺ ድልና በአገሩ ላይ መጽናት ዱዓ ያዙ። በመጨረሻም ዙበይር ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ መጣ፤ ነጃሺ አሸንፎ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው። ከ2013 ዓ.ም. በኋላ ሳነበው ግን ሌላ ሆነብኝ። በነሐሴው ወር እኛ ምን አደረግን? እያንዳንዳችን ስልካችንን ይዘን ጥግ ጥግ ያዝን። አንዱ «ገብተዋል» ይላል፤ ሌላው «ከተማው አልቋል» ይላል። ያልሆነው ወሬ ከሆነው ይበልጥ አስጨነቀን። ሶሐቦቹ ሦስት ነገር አድርገዋል፦ ብቻቸውን አልተጨነቁም፤ ዱዓ አድርገዋል፤ እርግጠኛ ወሬ የሚያመጣ አንድ የታመነ ሰው ልከዋል። ከዚያ ወዲህ ወሬን በመቶ አፍ አልለቀሙም። ይህ በገዛ አገራችን የተሠራ፣ ከ1,400 ዓመት በላይ የሆነው የጭንቀት መድኃኒት ነው።

የበልኹ ሊቅ

ሙስሊም ሊቃውንትም ይህን ሕመም በጥሞና አጥንተውታል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋ አል-ኪንዲ ሐዘንን ስለ ማራቅ ዘዴ አንድ ድርሳን ጽፏል። ከእሱ በኋላ የመጣው አቡ ዘይድ አል-በልኺ (ከ850 እስከ 934 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገር በበልኽ አካባቢ ተወልዶ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለ ኪታብ ደረሰ። ትርጉሙ የአካልና የነፍስ ደኅንነት እንደ ማለት ነው። የኪታቡ አንዱ ክፍል ስለ አካል ጤና ሲሆን ሁለተኛው ስለ ነፍስ ነው፤ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ወስዋስ ያስተምራል። የእጅ ጽሑፉ ኢስታንቡል ውስጥ ተጠብቆ ኖሯል። ሱዳናዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ማሊክ በድሪ የነፍሱን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል።

አቡ ዘይድ ሐዘንን ይከፋፍለዋል። ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘን አለ፤ ሰው ሞቶበት፣ ንብረት ጠፍቶበት የሚያዝን ሰው። ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘንም አለ፤ ሰውየው ምንም ሳይጎድልበት ደስታ የሚነሣው፣ ከሥራና ከምግብ የሚያርቀው ጨለማ። ይህን ሁለተኛውን ከአካል የሚነሣ ነው ይለዋል፤ በዘመኑ ዕውቀት ከደም ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ለአካል በሚሰጥ ሕክምና እንዲታከም ይመክራል። ልብ በሉ! ከ1,000 ዓመት በፊት የነበረ ሙስሊም ሊቅ አንዳንዱ ሐዘን ሐኪም የሚያስፈልገው ሕመም ነው ሲል፣ እኔ በዚህ ዘመን ሸማኔውን «ኢማንህ ደከመ» አልኩት!

ለሚታወቀው ሐዘን ያዘዘው ሕክምና ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ወዳጅ የሚያነጋግረው፣ የሚያጽናናው፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር የሚያቀርብለት። ሁለተኛው ከውስጥ የሚመጣ ነው፤ ሰው በራሱ ሐሳብ የሐዘኑን ሐሳብ የሚመልስበት። እዚህ ላይ የሰጠው ምሳሌ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ጤነኛ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ ጸጥ ባለበት ጊዜ መልካም ሐሳቦችን አጠራቅሞ ለክፉ ቀን እንዲያስቀምጥ ይመክራል። ጎርፉ ከመጣ በኋላ ቦይ መቆፈር አይቻልምና። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ ክፉ ሐሳብን መርምሮ በመመለስ ድብርትን የማከም ዘዴ የጀመረው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አቡ ዘይድ ወስዋስ ለያዘው ሰው ብቻውን መሆንን እንዲሸሽም አስጠንቅቋል፤ ብቸኝነት የክፉ ሐሳብ ማሳ ነውና።

ሊቃውንቱ በመጻፍ አልተወሰኑም። ኑረዲን በደማስቆ በ1154፣ ሡልጣን ቀላውን በካይሮ በ1284 እ.ኤ.አ. ባሠሯቸው ቢማሪስታኖች፣ ማለትም ሆስፒታሎች፣ የአእምሮ ሕሙማን ይታከሙ ነበር። እብድ ተብሎ ሜዳ ላይ የሚጣል ሰው በወቅፍ ገንዘብ ይለብስ፣ ይበላ፣ መድኃኒት ያገኝ ነበር።

የደብረ ታቦር ሐዘን

ከበልኽና ከካይሮ ወደ ጉና ግርጌ እንመለስ። የእኛ ከተማ ሐዘንን ታውቃለች። ደብረ ታቦርን መናገሻ ያደረጓት የየጁ መሳፍንት ናቸው፤ ከራስ ጉግሣ እስከ ራስ አሊ። ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል ከተሸነፉ በኋላ ከተማዋ የዐፄ ቴዎድሮስ ሆነች።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል። የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሡት ሌላም ነገር አለ። ንጉሡ እጅግ የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ የራስ አሊን ልጅ እቴጌ ተዋበችን፣ በ1858 እ.ኤ.አ. በሞት አጡ። በ1860 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል በየተራ ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ቁጣቸው እየበረታ እንደ ሄደ ብዙዎች ጽፈዋል፤ በ1867 እ.ኤ.አ. ወደ መቅደላ ሲሄዱ ደብረ ታቦርን አቃጥለዋት ነው የሄዱት። የቁጣቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ በሰው ልብ ላይ የሚፈርደውም አላህ ብቻ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው፦ ንጉሥን «አዝነሃል፣ ና አብረን እንቀመጥ» የሚለው ማን ነው? በየቤታችንም ትንንሽ ነገሥታት አሉ። ሐዘኑን መናገር ሽንፈት የሚመስለው አባወራ፣ ያልተነገረው ሐዘን ቁጣ ሆኖ በሚስቱና በልጆቹ ላይ ይወርዳል። እሱን «ቁጡ ነው» እንለዋለን እንጂ «አዝኗል» አንለውም።

ከዚያ በኋላ ደግሞ በሙስሊሙ ላይ ልዩ መከራ መጣ። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ፤ ለሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ 3 ዓመት ነበር። የደሪጣና የይፋግ ነጋዴዎች፣ የጎንደርና የወሎ ሙስሊሞች ግማሹ ተሰደደ፤ ግማሹ በአንደበቱ እሺ ብሎ በልቡ ሃይማኖቱን ጠበቀ። ቀን ክርስቲያን፣ ማታ ሙስሊም ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ልጁን በምን ስም ይጥራ? በር ሲንኳኳ ምን ያስብ? ጭንቀት ማለት ይህ ነው። ትእዛዙ የላላው ንጉሡ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ከሞቱ በኋላ ነው። በዚያው ዘመን ክፉ ቀን መጣ። የከብት በሽታ ገብቶ ከ10 ከብት 9ኙን ያህል ፈጀ፤ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ ዘለቀ። ያ ረኃብ ሙስሊም ክርስቲያን አልለየም።

ታዲያ አያቶቻችን እንዴት ኖሩ? አብዛኞቹ የአቡ ዘይድን ስም ሳይሰሙ የመከረውን ያደርጉ ነበር። ኪታባቸው ልማዳቸው ነበር።

ለቅሶ ቤት ሰው አይታጣም፤ በለቅሶ ቤትም ባለቤቱ እሳት አያነድም፤ ምግቡን ጎረቤት ያመጣል። ይህ ሱና ነው። ያ በነጃሺ ፊት የተናገረው ጃዕፈር በ629 እ.ኤ.አ. በሙእታ ዘመቻ ሲሰዋ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራላቸው አዘዋል። በደብረ ታቦር ይህን የሚያደርገው ሙስሊሙ ብቻ አይደለም፤ ክርስቲያን ጎረቤትም እንጀራውን ተሸክሞ ይመጣል።

ቡናውን ደግሞ እዩት። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ በደጋው አገር ቡና «የእስላም መጠጥ» ይባል ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ያልፋል። በዚያ አንድ ሰዓት ያዘነ ሰው መናገር ባይፈልግ እንኳ ከሰው መካከል ይውላል። ዱዓውም በጋራ ነው፤ አንዱ ይለምናል፣ ሌላው አሚን ይላል። ያ በልቡ ቃል ያጣ ሰው «አሚን» ማለት አያቅተውም።

የአሮጊቷ አጥሚት

አሁን ወደ ሸማኔው ልመለስ። እኔ በምክሬ ያባረርኩትን ሰው የመለሱት አንዲት ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ጎረቤቱ ናቸው።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ እኒህ እናት መምጣት አላቆሙም። በየማለዳው የገብስ አጥሚት በጣሳ ይዘው ይመጣሉ። ይሰጡትና አጠገቡ ቁጭ ይላሉ። «ሶብር አድርግ» አላሉትም። ከቀናት በኋላ «ልጄ፣ እናትህ ምን ትወድ ነበር?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብዙ ተናገረ፤ አለቀሰም። ሌላ ቀን ደግሞ «ዓይኔ ደክሞብኛል፤ ይችን ፈትል አዳውርልኝ» አሉት። ሊጨርሰው አልቻለም፤ ጥቂት አዳውሮ ተወው። በማግስቱ የቀረውን ይዘው መጡ። ሚስቱንም «ይህ ልጅ እንቅልፍ ከነሣው ሰነበተ፤ ሐኪም ይየው» ብለው አስመከሩና ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ በቀጠሮው እየሄደ መነጋገርም ጀመረ። ከወራት በኋላ የመወርወሪያው ድምፅ ከቤቱ ተሰማ። አንድ ቀንም ሱብሕ ላይ ሰልፍ ውስጥ አየሁት። ከሶላት በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኡስታዝ፣ ያኔ የነገርከኝን አውቀው ነበር፤ መነሣት ነው ያቃተኝ» አለኝ።

ይህን ስሰማ ቡኻሪ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የዘገቡት ትዝ አለኝ። ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት ሴቶች ይሰበሰባሉ፤ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤተሰቡና ቅርቡ ብቻ ሲቀር ዓኢሻ «ተልቢና» እንዲሠራ ያዙ ነበር። ተልቢና የገብስ አጥሚት ነው። የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘን ጥቂቱን እንደሚያስወግድ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተዋልና። አያችሁ? ሐዲሱን ያቀራሁት እኔ ነበርኩ፤ የሠሩበት ግን እሳቸው ናቸው። ጊዜውንም ልብ በሉ፤ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ! ያዘነ ሰው ብቻውን የሚቀረው ያኔ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆነውን ባጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ሕመሙን ለአንድ ሰው እንናገር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ለመቶ ሰው መናገር አያስፈልግም፤ ምስጢር ለሚጠብቅ አንድ ሰው ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ትንሽ ሥራ እንያዝ። ልብ ሲከብድ «ሲሻለኝ እሠራለሁ» እንላለን። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው፤ ትንሿ ሥራ ራሷ ታሻሽላለች። የመርየምን ግንድ፣ የሸማኔውን ፈትል አስታውሱ። ደጅ መጥረግ፣ አንድ ጎረቤት መጠየቅ፣ ሩብ ሰዓት በእግር መሄድ ለመጀመሪያ በቂ ነው።

ሦስተኛ፣ አካላችንን እንጠብቅ። በሰዓቱ መተኛትና መነሣት፣ ባይርበንም ጥቂት መብላት፣ ፀሐይ መሞቅ። ጭንቀቱን ለመርሳት ብሎ ጫት መቃም እንቅልፍን ነስቶ ጭንቀቱን ያብሰዋል።

አራተኛ፣ የሚያስጨንቀንን ሁለት ቦታ እንክፈለው፤ በእጃችን ያለውና በአላህ እጅ ያለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን አስሮ እንዲተማመን ያን ሰው መክረውታል። የምናስረውን እንሰር፤ የቀረውን ለባለቤቱ እንተው። ወሬንም እንደ ዙበይር ዘመን ከአንድ የታመነ ሰው፣ በቀን አንዴ እንስማ።

አምስተኛ፣ ጭንቀቱ በድንገት ሲያፍነን እግራችንን መሬት ላይ ረገጥ አድርገን፣ ትንፋሻችንን በዝግታ እያስወጣን፣ በዙሪያችን የምናየውንና የምንሰማውን ልብ እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ለጭንቀት ጊዜ ባሳተመው በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ውስጥ ይህ አለ። ከመመሪያው ጋር የተሰጠው ትምህርት በሰሜን ዩጋንዳ በተጠለሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ዘንድ ተሞክሮ ጭንቀታቸውን ቀንሶ ተገኝቷል። ውዱእ አድርገን ሳንጣደፍ የምንሰግደው ሶላትም ያንኑ እርጋታ ያስለምደናል።

ስድስተኛ፣ ልባችን ጸጥ ባለ ጊዜ እንደ አቡ ዘይድ ምክር ለክፉ ቀን እናጠራቅም። ያለፍናቸውን መከራዎች፣ የረዱንን ሰዎች፣ የሸመደድነውን ዱዓ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን እናስቀምጥ።

ሰባተኛ፣ ያዘነውን አንገሥጸው። አጥሚቱን ይዘን አጠገቡ እንቀመጥ።

ራስን መርዳት የማይበቃበት ጊዜ

ውድ አንባቢያን! የጠቀስኩት ሁሉ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ጨለማው 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ሰውየው ሥራውንና ቤተሰቡን ከተወ፣ እንቅልፍና እህል ከጠፋው፣ ራሱን የማይረባ አድርጎ ከቆጠረ ወደ ጤና ባለሙያ ይሂድ። ሞትን የሚመኝ ወይም ራሱን ለመጉዳት ያሰበ ሰው ካለ ደግሞ ብቻውን አንተወው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል እናድርሰው። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ሸክሙን ያቀልለታል።

ቀድሞ ሐኪሙ ሩቅ ነበር። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተጀመረው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እየሠለጠኑ ወደ ክፍለ አገር ሆስፒታሎች ተልከዋል፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀምሯል። ድብርት ያለበት ሰው ብቻውን አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ ሕመም እንደ ነበረበት ገምቷል። ሩቅያና መድኃኒትም አይጣሉም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለዋል፤ አላህ መድኃኒት ያላኖረለት በሽታ እንደሌለም አስተምረዋል። ሕመምተኛን አስሮ ማስቀመጥና መግረፍ ግን በዲናችንም በሕክምናም ቦታ የለውም።

እንግዲህ ወደ ርዕሱ ጥያቄ እንመለስ። ሐዘን የኢማን ጉድለት ነውን? የያዕቁብ ዓይኖች፣ የመርየም ምጥ፣ የሶሐቦቹ ጭንቀት «አይደለም» ብለው ይመልሱልናል። የሚጎድለው ያዘነው ሰው ኢማን ሳይሆን የእኛ መቅረብ ሊሆን ይችላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ያ ሸማኔ ይህን ከሁላችን ይልቅ ያውቃል፤ አንድ ክር ብቻውን በጣት ይበጠሳል፤ ጋቢ ሲሆን ግን የጉናን ብርድ ይመልሳል።

ዛሬ ማታ ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ በየሰፈራችሁ በሩን የዘጋ አንድ ሰው አስቡ። ነገ ማለዳም አንኳኩ።

አላህ የተጨነቁትን ልቦች ሁሉ ያሳርፍ፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግ። አሚን! ወሏሁ አዕለም።